የጠፋችውን ሴት አድራሻ ከመድረክ ለጠየቁት መጋቢ

ለተከበሩ ዋና መጋቢያችን፣

እሑድ ዕለት ድምፅዎ ሻከር ብሎ ስለሰማሁት፣ ጉሮሮዎ እንዴት እንደሰነበተ ሳልጠይቅ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ብገባ ነውር ይሆንብኛል። አምላክ ምሕረቱን ያውርድልዎት፤ ለመላው ቤተሰብዎም ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ ከቤተ ክርስቲያናችን ማዶ ባለችው ጠባብ ጸጉር ቤት የምሠራው፣ ራስዎን አስተካክዬ ኮሌታዎን በብሩሽ አራግፌ የምሸኝዎት ጸጉር አስተካካይ ነኝ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ የኖርኩ ሰው ነኝና ዛሬ መናገሬ ቢያስገርምዎት አልፈርድብዎትም።

ባለፈው እሑድ ከመድረክ ሆነው አንዲት ወጣት እህት ትዳሯን ጥላ እንደጠፋች ገልጸው፣ ያለችበትን የሚያውቅ ሁሉ ለቢሮው እንዲያሳውቅ በትሕትና አሳስበውናል። ከሚያውቁት አንዱ እኔ ነኝ፤ ጥያቄው በአደባባይ ስለቀረበ መልሱም በአደባባይ ቢሆን ቅር እንደማይልዎት ተስፋ አደርጋለሁ። የጠፋችው እህት ባል ቀድሞ የእኔ ታናሽ እህት ባል እንደነበር እኔም እርስዎም እናውቃለን። ስለዚህ መልሴን ከመስጠቴ በፊት ለእህቴ የዋሉላትን ውለታዎች በቅደም ተከተል ዘርዝሬ ማመስገን ይገባኛል።

፩ኛ. አምላክ መፋታትን እንደሚጠላ ሳይሰለቹ ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ነቢዩ በዚያው ትንፋሽ፣ በሚስቱ ላይ ግፍ ስለሚሠራ ሰው የተናገረውን ግን ምናልባት ሰዓት ስለማይበቃዎ ይመስለኛል፣ ዘወትር ዘለውት ያልፋሉ። እህቴ ያንን ግማሽ ቃል ስትሰማ የኖረችው ሻርፗን እስከ ጉንጯ ስባ ነው። መጀመሪያ ቢሮዎ የመጣች ዕለት በትሕትና የጠየቋት “ምን አድርገሽው ነው?” ብለው ነበር። ያደረገችው ነገር ከእኔ ጋር ስልክ ስታወራ ጮክ ብላ መሳቋ ነው፤ ይህንንም ሳትደብቅ ነግራዎታለች። እርስዎም ጌታ ለመፋታት የፈቀደው ዝሙት ሲሆን ብቻ እንደሆነ፣ ዱላ ግን በዚያ ቦታ እንዳልተጠቀሰ አስረዷት። እኔ ያልተማርኩ ሰው እንደገባኝ ከሆነ፣ እህቴ ከሞት እንድትተርፍ ባሏ ከሌላ ሴት ጋር እንዲተኛላት ተንበርክካ መለመን ነበረባት።

፪ኛ. ስለ ጸሎት ቡድኑ ጉብኝት ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። እህቴ ሸሽታ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለው የአክስታችን ቤት ተጠግታ ሳለች፣ ልቧ ስላልቻለ ስልክ ደውላ ጸልዩልኝ አለችዎት። እርስዎም የት እንዳለች ጠየቁ። ጸሎት አድራሻ እንደሚያስፈልገው ያወቅሁት ያኔ ነው። በማግሥቱ ቡድኑ እየዘመረ መጣ፤ ሁለት እናቶች፣ አንድ ወንድም፣ ከእነሱ ኋላ ደግሞ ኬክ በካርቶን የያዘው ባሏ። አክስቴ ለጸሎት ነው አላላችሁም ወይ ብላ ብትጠይቅ፣ ከእናቶቹ አንዷ “የጸሎቱ መልስ ይኸው መጣ እኮ፣ እማማ” አለቻት። እህቴ ያበጠ እግሯን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣ ነበርና እግሯን እንኳ ሳታደርቅ አስነሥተው፣ እጇን ከእጁ ላይ አድርገው ጸለዩ። ከዚያም አጅበው ወሰዷት። እኔ ያን ሰዓት ሥራ ላይ ነበርኩ። አክስቴ ኬኩን ለጎረቤት ልጆች ልትሰጥ አስባ፣ እጇ እምቢ ስላላት ከነካርቶኑ ጣለችው።

ቀጥሎ የሆነውን እርስዎም ያውቁታል፤ ሆስፒታል ድረስ መጥተው ጠይቀዋታልና። የግራ ጆሮዋ ከዚያ ወዲህ አይሰማም። እርስዎ በግራዋ በኩል ቆመው ስለጸለዩ አልሰማችዎትም። እኔ ግን ከአልጋው ግርጌ ነበርኩ፤ “ጌታ ሆይ፣ ባሏንም አጽናናልን” ሲሉ ሰምቻለሁ።

፫ኛ. እህቴን ከአማኝነት ወደ አላማኝነት ስላሸጋገሩልን አመሰግናለሁ። እህቴ ከሆስፒታል ወደ ቤቱ አልተመለሰችምና ባልየው ሌላ ሊያገባ ባሰበ ጊዜ ችግር ገጥሟችሁ ነበር፤ እህቴ አላመነዘረችም፣ በሕይወትም ነበረች። ሐዋርያው የማያምነው ወገን ትቶ ቢሄድ ይሂድ ያለውን ቃል ስታገኙ ግን መንገዱ ተከፈተ። ባልየው በር ላይ ቆሞ ምእመናንን የሚቀበል ወንድም ስለሆነ የማያምነው እሱ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ከልጅነቷ ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ስታስተምር ያደገችው እህቴ፣ እሷ በሌለችበት አንድ ስብሰባ ላይ፣ በሽማግሌዎች እጅ ማውጣት የማታምን ሆነች። ለሠርጉ ዕለት ጢምዎን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ፤ ሙያ ሙያ ነውና። ሙሽራዋም ከመዘምራኑ መካከል ነበረች፣ የአንደኛው ሽማግሌ ልጅ።

፬ኛ. ይህኛው አጭር ነው። ሚስቱ የሞተችበት አንድ ፍሪጅ ጠጋኝ እህቴን ላግባ ብሎ በወጉ ሽማግሌ ላከ። እሷም ልታገባው ትወዳለች፤ ደህና ሰው ነው፣ ምንጊዜም በቀኟ በኩል ነው የሚቀመጠው። ሽማግሌዎቹ ለቡራኬ እርስዎ ዘንድ ሲመጡ ግን አማኝ ሴት ከባሏ ብትለይ ወይ ሳታገባ ትኑር ወይ ከባሏ ትታረቅ ብለው መለሷቸው። እንግዲህ እሱ ሲያገባ የማታምን፣ እሷ ልታገባ ስትል አማኝ መሆኗ ነው። ትታረቅበት የተባለው ባል ደግሞ እርስዎው ሁለተኛ ጋብቻውን የባረኩለት ሰው ነው። እህቴ ይህን ስትሰማ ሆድ ይፍጀው ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ ግን ተናድጃለሁ፣ አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ። ትዳር እንደ ሸሚዝ ይለወጥ የምል ሰው አይደለሁም፤ ቃል ኪዳን ከባድ ነገር መሆኑን አምናለሁ፣ የምናደደውም ስለማምን ነው።

አሁን ወደ ጠየቁት አድራሻ ልመለስ። የጠፋችው ሴት በጠራራ ፀሐይ፣ የተነቀለ ጸጉሯን ሸፍና፣ እህቴ በር ላይ መጥታ ቆመች። አባቷ ቤት ያልሄደችው አባቷ ከእርስዎ ጋር ስብሰባ የሚቀመጥ ሰው ስለሆነ ነው፤ እናቷ ጋ ያልሄደችውም እናቷ ለአባቷ ስለምትናገር ነው። በከተማው ውስጥ ምን አድርገሽው ነው ብላ የማትጠይቃት አንዲት ሴት ብቻ እንዳለች አስባ፣ እሷው ራሷ ባሏን የቀማቻትን ሴት ቤት አንኳኳች። እህቴም አልጠየቀቻትም። ውሃ አሙቃ አጠበቻት፣ የራሷን አልጋ ለቀቀችላት፣ ሲነጋ ይዛት ወጣች። የት እንደወሰደቻት እንዳትነግረኝ የለመንኳት እኔ ነኝ፣ ለእርስዎ መዋሸት ስለማልወድ። ስለዚህ መልሴ አላውቅም የሚል ነው፤ ባውቅም ኖሮ አልነግርዎትም ነበር።

እስከዚያው ጉባኤው የሚፈልገው እሷን ነው። እሱን ማንም አይፈልገውም፤ እሑድም በሩ ላይ ቆሞ እንኳን ደህና መጣችሁ እያለ እጃችንን ይጨብጣል። ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ ማለት ይህ ነው። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፤ ማስታወቂያውን ያንሱልንና፣ ማን የት ጠፋ የሚለውን ትተው ማን ማንን አባረረ ብለው ሰውዬውን ይጠይቁልን። እረኛ በጉን ለተኩላ እየጠቆመ፣ በጎቼ ለምን ይሸሹኛል ብሎ ቢያዝን ለሰሚው ግራ ነው። ሁለተኛዋ ሴት የመጀመሪያዋን ያህል ዕድለኛ ላትሆን ትችላለች፤ የመጀመሪያዋ የጠፋባት ጆሮ ብቻ ነው።

የሰንበት ስብከትዎ ፍሬ እያፈራ፣ ቃለ ምዕዳንዎ ለደጋግ ባሎች ሁሉ ሰላማዊ እንቅልፍ እየሰጠ እንዲቀጥል እየተመኘሁ፣ ከመድረክዎ ሥር ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የማታምነዋ ሴት ወንድም፣
ጸጉር አስተካካዩ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ እርስዎ የላኳቸው ሁለት ሽማግሌዎች ሱቄ መጥተው ነበር። አንደኛው ስለ ታዛዥነት ሲመክረኝ፣ የጠፋችው ሴት አባት የሆኑት ሁለተኛው ወለሉን ያዩ ነበር። ተሰናብተው ከወጡ በኋላ ግን እሳቸው ብቻቸውን ተመለሱና፣ በሩን ከኋላቸው ዘግተው፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ “መቷታል እንዴ?” አሉኝ። እህቴ እዚያ ትዳር ውስጥ በቆየችበት ዘመን ሁሉ ከእናንተ መካከል ይህን የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። የማውቀውን ነገርኳቸው። ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው፤ “በእህትህ ጉዳይ በተሰበሰብንበት ቀን መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ” አሉኝና አለቀሱ። እርስዎም ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ሁለት ሴቶች ልጆች አሉዎት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምጸልየው ለእነሱ ነው።