አንዴ በርቶ የሚቃጠለው አምፖል

ዲላ፣ ጥር 16 ቀን 1963 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? የአዲስ አበባ ብርድ ጉልበትሽ ላይ እንዳይወጣ ፈርቻለሁ። አራሷ እህቴስ በረታች? ሕፃኑ ጡት በደንብ ያዘ? አንቺን እንደሚመስል ጽፈሻል፤ እኔ ግን አይቼ ካልፈረድኩ አላምንም፤ ለአያት ሁሉም ሕፃን እሷን ነው የሚመስለው። እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይድረሰውና አለን። ቤቱ ግን ያለ አንቺ ቤት አልመስል ብሏል። ድመቷ እንኳ ወጥ ቤት ገብታ ታይና ተመልሳ ትወጣለች።

እማዬ፣ ሰሞኑን ያየሁትን ባየሽ! የምጽፍልሽ ስለ ፍላሽ ነው፤ ከካሜራው ጎን ታስሮ ፎቶ ሲነሳ ቦግ ስለሚለው መብራት።

ነገሩ የተጀመረው በኢዲዶ መንደሩ ገበሬ በሙሉካ ነው። ቡናውን ሸጦ፣ አዲስ ኮት ገዝቶ፣ ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ ፎቶ ቤታችን መጣ። አባባ እንደ ወትሯቸው ግቢው ውስጥ ሸራው ፊት አቁመው አነሷቸው። ፎቶው ሲታጠብ ግን ሁሉም ጭጋግ ውስጥ የቆሙ መሰሉ፤ የሙሉካ ፊትና የሚስቱ ነጠላ አይለይም። ሙሉካ ፎቶውን አዙሮ ገልብጦ አየና፣ እኔ እዚህ ውስጥ የለሁም፣ ኮቴም የለም አለ። አባባ ደመናው ነው አሉ። የዚያን ቀን በሰማዩ ላይ አንዲት ደመና አልነበረችም። ከዚያ፣ ብርሃን ካገኘን ሁሉም ይስተካከላል፣ ፍላሽ እንገዛለን አሉ።

ሰይድ ሱቅ ሄድን። የሰይድን ምላስ ታውቂዋለሽ፤ ድንጋይ ቅቤ ነው ብሎ ይሸጣል። ሦስት ዓይነት አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ደረደረ። አንዱ ከነካርቶኑ አዲስ፣ በባትሪ የሚሠራ፣ አምፖል የማይቀየርለት ነው፤ ዋጋውን ስሰማ ሳልነካው መለስኩት። ሁለተኛው የዚያው ዓይነት ሆኖ ያገለገለ፣ ጎኑ በፕላስተር የተለጠፈ ነው። ሦስተኛው እንደ ሳህን የሚዘረጋ አሮጌ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፎቶ አንድ አምፖል ያቃጥላል፣ የተቃጠለውም ይጣላል። ልቤ ያገለገለው ላይ ወደቀ። አሮጌው መግዣው ርካሽ ነው፣ ቀለቡን ግን ማን ይችለዋል?

አባባ የእኔን ሂሳብ አልሰሙም። ሰይድን፣ በል አንድ በአንድ ፊቴ ላይ አብራልኝ ብለው ቀጥ ብለው ቆሙ። ያገለገለው ቦግ ሲል እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። አባባ፣ በራ እንዴ? አሉ። ሰይድ በሳቅ ሞተ፤ አይ ጋሽ ተክሌ፣ ዋጋ ለማስቀነስ እንዲህ ያለ ዘዴ ከእርስዎ በቀር ማን ያውቃል! አለ። አዲሱንም አበራው። ይኼስ ከክብሪት አይሻልም አሉ። ሰይድ አሁንም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

በሦስተኛው ላይ አምፖል ሰክቶ ሲያበራ፣ የጣሪያው የሸረሪት ድር ሳይቀር ሱቁ ሁሉ ታየ። አባባ፣ ሰው የመጣባቸው ይመስል፣ እጃቸውን ወደፊት ዘረጉ። አየሁት አሉ። ደግመው፣ ይቺ ናት፣ አየኋት አሉ። ፊታቸውን ባየሽው እማዬ! እኔ አንደኛ የወጣሁ ጊዜ እንኳ እንዲያ አልተደሰቱም። ሰይድ የተቃጠለውን አምፖል ሊጥለው ሲል ተቀብለው ትኩሱን በመዳፋቸው ጨበጡት። ከዚያ በኋላ ስለ ቀለቡ አንድ ቃል አልተናገርኩም።

ሰይድም ልጁን ሀዲጃን ሊድር ስለሆነ፣ ለወሎ አያቷ የሚላክ ፎቶ ካነሳችሁልኝ በዋጋው እንስማማለን አለ። በእነሱ ደንብ ሙሽራዋ ወዳለችበት ክፍል ባዕድ ወንድ አይገባም። ስለዚህ ካሜራውን ይዤ እኔ ስገባ ማንም አልገረመውም፤ እንዲያውም መረቁኝ። አባባ ከመጋረጃው ውጭ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ያንን ደንብ በልቤ ስንት ጊዜ አመሰገንኩት!

መስኮቱ ተሸፍኗል፤ ሀዲጃ እግሯን ሂና ተቀብታ፣ እንዳትነቃነቂ ተብላ ተቀምጣለች። አባባ ከውጭ ሆነው፣ እጅሽን ብትዘረጊ ትነኪያታለሽ ወይስ አልጋ ያህል ትርቂያለሽ? አሉኝ። አልጋ ያህል አልኳቸው። የሌንሱን ቀለበት የት ላይ እንደማቆመው ነገሩኝ። እስትንፋስሽን ያዢ አሉ። ተጫንኩት።

ምን ልበልሽ! ክፍሉ በዓይን ጥቅሻ እንደ አዲስ ተፈጠረ። የሂናው ሐረግ፣ የአንገቷ ጨሌ፣ በአክስቷ በሀጅራ ጉንጭ ላይ የምትወርደው እንባ፣ ሁሉም በአንዴ ታይቶ መልሶ ጨለመ። ሀጅራ ሱብሃነላህ! አሉ። ሀዲጃ፣ ዓይኔን ወሰደችው ብላ ጮኸች፤ ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ከመጋረጃው ውጭ ደግሞ አባባ፣ መጋረጃውን አልፋ መጣችልኝ፣ አየኋት! ይላሉ። ሴቶቹ የእኔን ሥራ ያደነቁ መሰላቸው።

በማግስቱ ፎቶ ማጠቢያው ጨለማ ክፍል ገባን። እዚያ ውስጥ አባባን የሚያህል የለም፤ ጠርሙሱን በሽታው፣ ወረቀቱን በጣታቸው ይለያሉ፤ የምደናበረው እኔ ነኝ። ወረቀቱ መድኃኒቱ ውስጥ ሲገባ ሀዲጃ ቀስ በቀስ ብቅ አለች። ምን ይታይሻል? አሉኝ። የሻሿን ጥልፍ፣ ቅንድቧን፣ የሽፋሽፍቷን ጥላ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ፣ እንግዲህ ፎቶ አንሺ ሆነሻል አሉ። አለቀስኩ፤ ከመደሰቴም ከማዘኔም ነው። ሙሉካንም አስጠርተን እኔ አነሳሁት። ኮቱ ከነቁልፎቹ ወጣ። ፎቶውን አይቶ፣ አሁን ገና አለሁ አለ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አባባ በረንዳው ላይ ይቀመጡና፣ አንድ ጊዜ አብሪልኝ ይሉኛል። ካሜራው ውስጥ ፊልም የለም፣ የሚነሳም ሰው የለም። ስስታምነቴን ታውቂያለሽ፤ ግን እምቢ ማለት አቃተኝ። አበራለሁ። እጃቸውን ይዘረጋሉ። ከዚያ አምፖሉን ይዘው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ስለ አንቺ ያወሩኛል፤ ስትታጪ ስለለበስሽው ቀሚስ፣ ስለ ጥርስሽ።

አንድ ነገር ለእናትሽ እንዳትጽፊ፣ አራስ ይዛ እንዳትደነግጥ ብለው አስምለውኛል። እኔም አልጻፍኩም። የጻፍኩት ስለ ፍላሽ ብቻ ነው።

ስትመጪ ከፒያሳ አምፖል ገዝተሽልን ነይ፤ በዛ አድርጊው። ግን አምፖሉ ቢጠፋም አንቺ ቶሎ ነይ። አባባን አጠገቤ አቁሜ ብርሃኑን በአንቺ ፊት ላይ ላብራላቸው።

ሕፃኑን በእኔ ፈንታ ግንባሩን ሳሚልኝ። ማርያም የአራሷን ደጅ ትጠብቅ፤ አንቺንም በሰላም መልሳ ቤታችንን ታሙቅልን።

አሁን ካሜራውን የያዘችው፣
ልጅሽ