ለቀይዋ መኪና የተገጠሙ ጎማዎች

ጥቅምት 3 ቀን 1971፣ ዓርብ
ጠዋት የአንድ ከባድ መኪና ጎማ ጠገንኩ። ሁለት ምስማር ወጣበት። ቀትር ላይ ለባሌ ለታሂር እስር ቤት ምሳ አደረስኩ። ዘበኛው ሳህኑን ተቀበለኝ፣ እሱን ግን አላሳየኝም። ከታሰረ አርባ አንድ ቀኑ። ክሱ ሸቀጥ ደብቋል ነው። ጎሚስታ ቤቱን እኔው ይዤዋለሁ፤ ሥራውን ሲሠራ አይቼ ነው የለመድኩት።

ልዘጋ ስል ካድሬው ጓድ ሞላ መጣ። በዚያች ቀይ፣ ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና። የአቶ አያሌው ነበረች፤ መሬታቸው ሲወረስ እሷም ተወሰደች። ሮቢት መንገድ ላይ ጉድጓድ ገብታ ቸርኬዎቿ ተጣመዋል። ጎማዎቿም አልቀዋል።

"ሐሙስ ደሴ ስብሰባ አለኝ። ቸርኬው ርካሽ ይሁን፣ ግን የሚያምር። ጎማው ጥሩ ይሁን።"
"ካላገኘሁስ ጓድ?"
"ታገኛለሽ።"
ፈገግ ብሎ ነው ያለው። ያስፈራኝም ፈገግታው ነው።

ጥቅምት 4፣ ቅዳሜ
ጎብዬ ሄድኩ። ከማሉዲን የሚባል ነጋዴ እዚያ አሮጌ የመኪና ዕቃ ይሸጣል። የሚያብረቀርቅ ቸርኬ አለው፣ ዋጋውም ደህና። ግን ሰፊ ነው፤ መሪ ሲዞር ጎማው ከመኪናዋ አካል ጋር ይፋተጋል። የቡሎኑ ቀዳዳም አይገጥምም። "ቀዳዳውን አስፍተሽ አስገቢው" አለኝ። እንዴት ብዬ? ከአንድ የተገለበጠ ታክሲ የተፈታ አራት ተራ የብረት ቸርኬ አገኘሁ። ዝጓል፣ ግን አልተጣመመም። ለካሁት። ልክ ነው። ወሰድኩት።

ጎማው ነው ችግሩ። ያሉት በአፋር በኩል በኮንትሮባንድ የመጡ አሮጌዎች ናቸው፤ ጥቁር ቀለም ተቀብተው አዲስ ይመስላሉ። ጎኑን በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ስንጥቁ ተከፈተ። በፍጥነት ከተነዳ ይፈነዳል። ከፈነዳ ደግሞ... የእስረኛ ሚስት የገጠመችው ጎማ። አሻጥር አይደለም ብል ማን ያምነኛል?

ጥቅምት 5፣ እሑድ
ጥሩ ጎማ አለ። አራት፣ አዲስ። ከእኔና ከታሂር በቀር የሚያውቅ የለም። ጓሮ፣ የማሽላው ጉድጓድ ውስጥ፣ ከእህሉ ሥር። ለዚችው መኪና የተገዙ ናቸው። አቶ አያሌው ከፍለው አስመጧቸው፤ ሳያስገጥሙ መኪናዋ ተወሰደች፣ እሳቸውም አገር ጥለው ሄዱ። ታሂር "የሰው አደራ ነው" ብሎ ቀበራቸው።

ባወጣቸው ክሱን በገዛ እጄ አረጋገጥኩበት። ባላወጣቸው ሰው ይሞታል... ያ አላህ። ይህን ገጽ ልቅደደው?

ጥቅምት 6፣ ሰኞ
ታሂርን አሳዩኝ። ዘበኛው መሃላችን ቆሞ።
"ማሽላውን ላውጣው?" አልኩት።
ገባው። ፊቱ ተለዋወጠ። "ምን አስፈለገ?"
"ደሴ የሚሄድ መንገደኛ አለ፤ ስንቅ ጠየቀኝ። ሌላው እህል ነቅዟል።"
ዘበኛውን አየት አደረገ። ከዚያ፣ "የነቀዘ ለሰው አይሰጥም፣ ሲቲዬ። አውጪው። አብሽሪ።"
እሱ እስር ቤት ሆኖ እኔን አብሽሪ፣ አይዞሽ ይለኛል።

ጥቅምት 7፣ ማክሰኞ
ጓድ ሞላ ቢሮ ሄድኩ። ደረሰኙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። በአቶ አያሌው ስም ነው፤ ቀኑም መኪናዋ ከመወሰዷ በፊት።
"የመኪናዋ ጎማዎች ናቸው። ለሽያጭ የተደበቁ አይደሉም።"
"የት ነበሩ?"
"ቤቴ።"
"ባልሽ ሲጠየቅ ምንም የለኝም ብሏል።"
"ፈርቶ ነው ጓድ። እኔም ፈርቻለሁ።"
ደረሰኙን አገላበጠው። "ግጠሚያቸው" አለና ኪሱ ከተተው። አልመለሰልኝም። ያለኝ ማስረጃ እሱ ብቻ ነበር... ምን አደረግኩ?

ጥቅምት 9፣ ሐሙስ
ገጠምኩ። የቸርኬውን ዝገት ፍቄ ብርማ ቀለም ቀብቼዋለሁ።
"አያብረቀርቅም" አለ።
"ይይዛል ግን።"
ሂሳቡን ከፍሎ ይሄዳል ስል፣ ሁለት ሚሊሻዎች ታሂርን ይዘው መጡ። እጁ ታስሯል። ከኋላ ወንበር አስገቡት። "ጉዳዩ ደሴ ይታያል" አለኝ ጓድ ሞላ፣ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው።
የመኪናዋን በር ያዝኩ። "ቡሎኖቹን አንዴ ልያቸው" አልኩ።
"ቶሎ በይ።"
አራቱንም ጎማ ዞርኩ። አንድ በአንድ ሞከርኳቸው። ሁሉም ጠብቀዋል። በታሂር በኩል ሳልፍ በመስታወቱ አየኝ። እኔም አየሁት።
እነዚያን ጥቁር የተቀቡትን ጎማዎች ገጥሜ ቢሆን ኖሮ...

ጥቅምት 12፣ እሑድ
ወሬ የለም። የአውቶቡስ ሹፌሮቹን ጠየቅኩ። መንገድ ላይ የተገለበጠ መኪና አላየንም አሉኝ። ደርሰዋል ማለት ነው። ደርሶስ ምን ሆነ?

ጥቅምት 22፣ ረቡዕ
ታሂር መጣ። ትናንት፣ ከሰዓት፣ በአውቶቡስ። አልሃምዱሊላህ።

ደረሰኙን ጓድ ሞላ ራሱ ነው ደሴ ላይ አውጥቶ ያሳየለት። ለምን እንደሆነ አናውቅም። ለታሂር ያለው ይህን ብቻ ነው፦ "ሚስትህ መጥፎ ጎማ ልትገጥምልኝ ትችል ነበር።" በዚያ ለቀቁት።

ቀኝ እጁ አይጨብጥም። ምን እንዳደረጉት አልጠየቅኩትም።

ዛሬ አብሮኝ ሱቅ ዋለ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ። የመኪና ድምፅ በሰማን ቁጥር ሁለታችንም ቀና እንላለን። አንድ የጭነት ሹፌር ቆመ፤ የታሂር የድሮ ደንበኛ ነው። ሰላምታ ሰጥቶት የተነፈሰውን ጎማ ወደ እሱ አንከባለለው። ታሂር በግራ እጁ አስቆመው። ትንሽ ያዘው።

ከዚያ ወደ እኔ ገፋው።