በእጣቢ ያደገ ቁርቁራ፦ የወይዘሮ ታንጉት አራጌ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ታንጉት አራጌ ከአባታቸው ከአቶ አራጌ ወልደ ሚካኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማሚቴ ካሳ በ1922 ዓ.ም. ዋጃ ተወለዱ። ውሃ ከሩቅ በአህያ በሚመጣበት ቤት ስላደጉ፣ አንዲት ጣሳ እንኳ በከንቱ ሲደፋ ማየት አይሆንላቸውም ነበር። በልጅነታቸው ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ጠጉራቸው ሸበት ካለ በኋላ ነው።

በ1941 ዓ.ም. ከአቶ ሞላ ይርጋ ጋር በሥርዓት ተጋብተው ቆቦ ላይ ጎጆ ወጡ። አስረሳሽንና ደሳለኝን ወለዱ።

የቤት አያያዛቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ሽምብራ ሳይዘፈዝፉ እሳት ላይ አይጥዱም፤ ማገዶ ይፈጃላ! ጉልቻቸውን ዙሪያውን በጭቃ መርገው ነበልባሉ እንዳይባክን አድርገዋል። የሚያነዱት የማሽላ አገዳ ነው፤ እርጥብ ዛፍ ሲቆረጥ ካዩ ፊታቸው ይጠቁራል። ያለቀ ነጠላ የሕፃን መታቀፊያ፣ ያለቀ መታቀፊያ የድስት ማውረጃ ይሆናል። የእህልም የፊትም እጣቢ ወደ ጓሮ እንጂ ወደ መንገድ አይደፋም። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዚነት፣ «አንቺማ እንባሽንም ለቃሪያው ነው የምታጠጪው» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በ1970 ዓ.ም. ደሳለኝ ከትምህርት ቤት የችግኝ ተከላ የተረፈች፣ ሥሯ የደረቀ የቁርቁራ ችግኝ ይዞ መጥቶ ከደጅ ተከላት። አትጸድቅም ተባለ፤ በእናቱ እጣቢ ጸደቀች። በ1976 ዓ.ም. ደሳለኝ ለብሔራዊ ውትድርና ተወሰደ። ከዚያ ወዲህ ወሬው አልተሰማም። ወይዘሮ ታንጉት ጠዋት ጠዋት ፊታቸውን የሚታጠቡት ከቁርቁራው ሥር ሆነ።

በ1977ቱ ድርቅ ማሽላው ቆሞ ደረቀ፤ ከብቱም አለቀ። አቶ ሞላ ዛፉን ቆርጠው ከሰል አክስለው በመኪና መንገድ ለሚያልፈው ሊሸጡ መጥረቢያ አነሡ። «እኛ ካልኖርን ዛፉ ለማን ነው?» አሉ። ወይዘሮ ታንጉት፣ «ለደሳለኝ ነዋ! ሲመጣ የት ያርፋል?» ብለው የብር ድሪያቸውን ከአንገታቸው ፈትተው አስያዟቸው። በድሪውና በእርዳታ ስንዴ ያ ዓመት አለፈ። አቶ ሞላ ግን ተቀይመው ኖሩ፤ ከዚያ ጥላ ሥር አንድም ቀን አልተቀመጡም።

ወይዘሮ ታንጉት በ1979 ዓ.ም. ክረምት በጉበት ሕመም ታመሙ። ሐኪም ቤት ተመላልሰው አልተሻላቸውም። አልጋ ላይ ሆነውም አስረሳሽ ፊታቸውን ስታጥባቸው የእጣቢውን ሳህን ወደ ቁርቁራው እንድትወስድ በዓይናቸው ያሳዩዋት ነበር። የካቲት 14 ቀን 1980 ዓ.ም. ጠዋት፣ በተወለዱ በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ።

ያን ዕለት አስረሳሽ ከእናቷ ራስጌ ተቀምጣ የመጥረቢያ ድምፅ ሰማች። ዕድርተኛው ለለቀስተኛ ዳስ ሊጥል የቁርቁራውን ቅርንጫፍ እየመለመለ ነበር። ወግ ነው፤ ክፋት የለበትም። እንባ አልመጣላትም፤ እስካሁንም አልመጣም። ድምፁ በድንገት ቆመ። በበሩ ስታይ አባቷ ግንዱን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

«ዳሱ ይቅር» አሉ አቶ ሞላ። «ሰዉ እዚሁ ጥላው ሥር ይቀመጥ። ዳስ ከሆነማ እሷ ሠርታው ሄዳለች።»

ወይዘሮ ታንጉት ተገንዘው ሲያበቁ ገላቸው የታጠበበት ውሃ የት ይፍሰስ የሚል ጥያቄ መጣ። የነፍስ አባታቸው እግር የማይረግጠው ቦታ ይሁን አሉ። አስረሳሽ ገንዳውን ተሸክማ ወጣች። አቶ ሞላ ከግንዱ ተነሥተው ቦታ ለቀቁላት፣ በእጃቸውም አፈሩን ጎድጎድ አደረጉላት። እሷም ቀስ አድርጋ አፈሰሰችው።

ወይዘሮ ታንጉት ባለቤታቸውን አቶ ሞላን፣ ልጃቸውን አስረሳሽንና ልጃቸውን ደሳለኝን ትተው ሄደዋል። ደሳለኝ ከቀሪዎቹ ጋር ይጻፍ ያሉት አባቱ ናቸው።

ከቀብር መልስ መቀመጫችን ከቁርቁራው ሥር ነው። እጅ የምትታጠቡ ወገኖች፣ እባካችሁ ውሃውን ወደ ግንዱ አድርጉት። አምላክ የእናታችንን ነፍስ ቅጠሉ ከማይረግፍ ጥላ ሥር ያሳርፍልን፤ ደጅ ደጁን ለምናየውም ብርታቱን ይስጠን።