ከሞት ያልተነሣው ወንድሜ

ጎፋ፣ ጥቅምት 1978 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ይህን የምጠይቅህ የደብዳቤ ወግ ስለሆነ ነው፤ ደህና መሆንህንማ ዲንሳ ነግሮኛል። የጭነት መኪናውን ሰበታ አክስታችን ደጃፍ አቁሞ ሻይ ሲጠጣ፣ አንተን ጓሮ ፀሐይ ስትሞቅ እንዳየህ አጫወተኝ። ተከታዮችህ ግን ለጸሎት ተራራ ወጥቷል ነው የሚሉት። እኛም አለን። እማዬን ጉልበቷን አልተሻላትም፤ ስምህ ሲነሣ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

ጋሼ እያልኩህ ነው ያደግኩት። ዛሬ እጄ እምቢ ስላለኝ ወንድሜ ብዬ ጻፍኩ። እሱም በዝቶብሃል።

የከድር መርዶ መጣ። ከሰሜን። ቀበሌ እናቱን እትዬ ሐሚዳን አስጠርቶ ነገራቸው። እሳቸው ግን ለቅሶ አልተቀመጡም። ሰው ሊያስተዛዝናቸው ሲመጣ በር ላይ ቆመው ይመልሳሉ። "ልጄ ይነሣል። ራሱ ሞቶ የተነሣ ሰው ቃል ገብቶልኛል" ይላሉ። ጎፋ ገበያ ያለችውን የቅመም መደብራቸውን ዘግተው፣ የልጁን አልጋ አንጥፈው አንተን እየጠበቁ ነው።

ሞቶ የተነሣ! እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ። ከአርባ ምንጭ ወባ ይዘህ መጥተህ ራስህን የሳትክ ቀን ነጠላ ያለበስኩህ እኔ ነኝ። እሪ ብላ ሰፈሩን የጠራችው ደግሞ ጎረቤታችን ውብነሽ ናት። ድሬሰሩ እስጢፋኖስ መጥቶ ነጠላውን ገለጠና፣ "ምን ሆናችኋል? ሰውየው ይተነፍሳል እኮ!" ብሎ ተቆጣን፤ መርፌ ወግቶህ ሄደ። ይኸው ነው ትንሣኤህ። ስትነቃ ነግሬህ እስኪያስልህ ድረስ ስቀህ ነበር።

ውብነሽ ግን ያወራችው ያየችውን ነው እንጂ ድሬሰሩ ያለውን አይደለም። ሰው እጅህን ሊስም መምጣት ሲጀምር ሳቁን ተውክ። ጢምህን አሳድገህ፣ ነጭ ቀሚስ አሰፍተህ፣ ሀና ማርያም አጠገብ ግቢ ተከራየህ። ለነውብነሽ ዳግም የመጣሁት ነኝ አልክ፤ ለነእትዬ ሐሚዳ መህዲው ነኝ አልክ። ተው ብዬ ልለምንህ የመጣሁ ቀን ያልከኝ ትዝ ይልሃል? "አይሁዱም ይጠብቃል፣ እስላሙም ይጠብቃል፣ ክርስቲያኑም ይጠብቃል። የሚጠብቁት አንድ ሰው ነው። እነሱ ሲያገኙት አንቺን ምን አናደደሽ?" በየዘመኑ፣ በየሃይማኖቱ ስንቱ እኔ ነኝ ብሎ ተነሥቶ ያመኑትን ሜዳ ላይ በትኗቸው እንደሄደ ስነግርህ፣ "እነዚያ ውሸታሞች ነበሩ" አልከኝ። ዓይን ዓይኔን እያየህ። ያኔ ነው የፈራሁህ።

ከድር ቡታጅራ አጎቱ ዘንድ ተደብቆ ደህና ነበር። ብሔራዊ ውትድርናው አላገኘውም። እናቱ ናፍቆቱ ቢጠናባቸው አንተ ዘንድ መጡ። እናትህ የሚሆኑትን ሴት አንቺ ብለህ፣ "አምጪው፣ ቀርቦ ይመዝገብ። እኔ እጄን የጫንኩበትን ጥይት አይነካውም" አልካቸው። አውቶቡስ ተሳፍረው ሄደው ልጃቸውን ይዘው መጡ። እጅህን ጫንክበት። በማግስቱ ወሰዱት።

የሰፈራችን እነገዲሴ ጴንጤዎች ናችሁ፣ ቤት ውስጥ ተሰብስባችሁ ጸለያችሁ ተብለው ሲታሰሩ፣ ያንተ ግቢ ያ ሁሉ ሰው ሲጮህበት እንዴት ማንም ሳይነካህ ቀረ? ይህን ልጠይቅ ቀበሌ ሄጄ ነበር። ሊቀመንበሩ ነጋ ሳቀብኝ። "ወንድምሽን ምን ብለን እንነካዋለን? እኛ ፈልገን ያጣናቸውን ልጆች በገዛ እናቶቻቸው እጅ የሚያስመጣልን ሰው ነው" አለኝ። ከድር ብቻ እንዳልሆነ ያን ዕለት ገባኝ።

ከዚያ በቀጥታ እትዬ ሐሚዳ ቤት ገባሁ። ወባ እንደነበረ፣ ድሬሰሩ ያለውን፣ ነጋ ያለውን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ይጮኹብኛል ወይም አንተን ይረግሙሃል ብዬ ስጠብቅ፣ "አውቃለሁ፣ ልጄ" አሉኝ። "ወላሂ አውቃለሁ። መርዶው የመጣ ቀን ነው ያወቅኩት። ግን አልቅሼ ከተቀመጥኩ ሰው ምን ይለኛል? ከቡታጅራ ማን አመጣው አይለኝም? አልመጣም ሲለኝ በእጄ ጎትቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ያ ሰው መህዲ ካልሆነ ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ።"

እሳቸው ቀና ብለው አዩኝና፣ "አንቺስ ጥቁር የለበስሽው ለማን ነው? እኛ ዘመድሽ አይደለንም" አሉ። ከድርን እንደምወደው ለማንም፣ ለአንተም ነግሬ አላውቅም። ተነሥተው ጓዳ ገቡ፤ የከድርን ሹራብ አምጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። ከዚያ በኋላ አንድም ነገር አልጠየቁኝም። አሁን የማድረው እሳቸው ቤት ነው።

ስለዚህ ና። ዲንሳ ሐሙስ በሰበታ ያልፋል፣ ከሱ ጋር ተሳፈር። ያን ቀሚስ አውልቀህ፣ እንደ ሰው ሱሪ ለብሰህ ና። ተከታዮችህ ባሉበት እትዬ ሐሚዳ ፊት ቁምና፣ "አታልዬዎታለሁ። ልጅዎን ያስገደልኩት እኔ ነኝ እንጂ እርስዎ አይደሉም" በላቸው። እርስዎ ብለህ። አዳኝ ነኝ ስትል ኖረሃል፤ ልታድነው የምትችለው ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው፣ መንገዱም ይኸው ብቻ ነው። ካልመጣህ ልጆቻቸውን ያስረከቡህን እናቶች ሁሉ ይዤ አክስታችን ደጃፍ እመጣለሁ።

እናታችንን እግዚአብሔር ያቆይልን። ለእትዬ ሐሚዳ እንባ ይስጣቸው። ለአንተም የሚያፍር ፊት ይስጥህ።

የእናትህ ልጅ