የአባዬ ጎል

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እኛ ከእማዬ ጉልበት በቀር ደህና ነን። የአዲሱ መኪናህ ፎቶ ደርሶናል፤ ያምራል።

ትናንት ምሳ ላይ ሬዲዮው የአይጥ መርዝ ያስተዋውቃል። አይጧ ሲጥ ብላ ጸጥ ስትል፣ "ጎኦኦል! ኧረ በሕግ አምላክ!" ብሎ የጮኸው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አባዬ! ኳስ ሲያስተላልፍ ሰው ስታዲየም ተቀምጦ እንኳ ሬዲዮ ጆሮው ላይ የሚለጥፍለት፣ ጎል ሲገባ ሻከር የሚለው ያ ድምፅ፣ አባዬ በሞተ በሦስት ዓመቱ ለአይጥ ሬሳ ይጮኻል። የጎረስኩትን ተፋሁት።

ጣቢያው ድረስ ሄጄ የስድብ መአት አወረድኩባቸው። የማስታወቂያ ኃላፊው በስንጥር ጥርሱን እየጎረጎረ፣ "እህቴ፣ በሕጋዊ መንገድ ነው የገዛነው" አለኝ። ከማን እንደሆነ ግን አልነግርሽም አለ። ደግሞ እኮ ይስቃል!

እማዬ ይበልጥ የደነገጠችው ከጎሉ ኋላ "ቀስ በል እንጂ፣ ሕፃኗ ተኝታለች!" የምትለዋን ሴት ስትሰማ ነው። ራሷ ናታ! ሕፃኗ እኔ ነኝ፤ ጎሉን ግቢያችን ውስጥ ያገባኸው ደግሞ አንተ። አባዬ እንደ ትልቅ ግጥሚያ እያስተላለፈ በካሴት የቀዳት ጨዋታ ናት። እማዬ "ከጣቢያው ሰዎች አንዱ ሰርቆን ነው" ትላለች። እኔም "ይሆናል" አልኳት።

ለማስታወሻ ብለህ የወሰድካት ያቺ ካሴት እንዴት ናት? ቅጂ የላትምና አደራ። እማዬ "ሲመጣ ይዟት ይምጣ" ብላለች። እስከዚያው ሬዲዮውን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ።

እማዬ ሁለቱንም ጉንጭህን ስማሃለች።

እህትህ