የአባባን ፊልትሮ እንዳታጥበው

ወንድሜ፣

ያን ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አባባ አልጋው ላይ ተቀምጦ የመኪናዋን የአየር ፊልትሮ አጥቦ ካደረቀ በኋላ አቧራ እንዲይዝ ዘይት ሲቀባው ትዝ ይልሃል? "የፋብሪካውን የወረቀት ፊልትሮ እንግዛና ተገላገል" ብትለው፣ "ወረቀት ለደብዳቤ ነው፣ አንተ ሰነፍ!" ብሎ አሳቀን። የአውራ ጣቱ አሻራ የፊልትሮው የጎማ ጠርዝ ላይ ቀረ።

መኪናዋ ዳገት አቃታት ስትለኝ አምስት ወር ሙሉ "ገና አልቆሸሸም" ያልኩህ ውሸቴን ነው። ፊልትሮው በአቧራ ታፍኗል። ግን ከታጠበ አሻራው አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ የወረቀቱን ገዝቻለሁ። ይህንንም የምጽፍልህ በካርቶኑ ላይ ነው። ነገ ሥራ ከመውጣትህ በፊት ግጠመው። የአባባን በላስቲክ ጠቅልለህ ቁም ሳጥኔ ውስጥ አስቀምጥልኝ።
እንዳታጥበው።

ትናንት ባልዲና ሳሙና ይዘህ ሳይህ፣ "ሲሞት እንኳ አጠገቡ አልነበርክም" አልኩህ። መድኃኒት እንድታመጣ የላክሁህ እኔ ነኝ። ይህን እያወቅክ ባልዲውን ደፍተህ ገባህ።

ራትህ ምድጃው ላይ ነው። እኔ እስከ እሁድ አክስታችን ጋ ነኝ።

አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ፤ እስከ ዛሬ ለብቻዬ ይዤው ኖርኩ። ያን ማክሰኞ ፊልትሮውን ገጥመህ ለመድኃኒቱ ስትወጣ፣ አባባ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። መኪናዋ መንገዱን እስክትታጠፍ ድረስ ድምጿን አዳመጠ።

"ጎሽ የኔ ልጅ፣ አሁን ደህና ተነፈሰች" አለ።

ከዚያ በኋላ አልተናገረም።