የመዶሻዬ ቦታ

ውድ አባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲነካው የሚያኮርፈው ጉልበትዎ አሁን ይታዘዝልዎታል? እማማስ እንዴት ሰነበተች? ወርክሾፑስ? የመጋዝዎ ጩኸት የሚያማርራቸው ጎረቤታችንስ ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም።

የሙከራ ጊዜሽ ከምን ደረሰ ብለውኝ ነበር። ለኮምፒውተር ትእዛዝ በምንጽፍበት ቋንቋ፣ በፒኤችፒ፣ ክላስ የምንለው አንድ ነገር ምን ምን እንደሚይዝ የምንጽፍበት ነው፤ የታካሚ ክላስ ስም፣ ስልክና የቀጠሮ ቀን ይይዛል። እነዚህን ፕሮፐርቲ እንላቸዋለን። እኔ ሁሉንም፣ ለጊዜው ባዶ የሚሆነውንም ጭምር፣ ከላይ በየስማቸው ጽፌ ሳላውጅ ሥራ አልጀምርም። ባልደረቦቼ ደግሞ ፒኤችፒ ሆደ ሰፊ ነው፣ ያላወጅሽለትንም ዝም ብሎ ይቀበልሻል እያሉ "አዋጅ ነጋሪዋ" የሚል ስም አወጡልኝ።

በቀደም የምናገለግለው ክሊኒክ አቤት አለ። ስልካቸውን የቀየሩ ታካሚዎች የቀጠሮ መልእክት አይደርሳቸውም፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ቀጠሮዋ አልፎባታል። ክሊኒኩ ውሉን ሊያፈርስ፣ እኔም በቅጡ ሳልቀጠር ልሰናበት ትንሽ ቀረ። ሌላው ሲራኮት እኔ ሌሎች የጻፉትን የታካሚ ክላስ ከፍቼ ፕሮፐርቲዎቹን አንድ በአንድ አወጅኳቸው፤ ያልታወጀ ከመጣ ፕሮግራሙ እንዲቆምም አደረግሁ። ወዲያው ቆመ። ለካ ስልክ የሚቀየርበት ገጽ አዲሱን ቁጥር የሚያስቀምጠው ራሱ በፈጠረው፣ ማንም በማያውቀው ቦታ ኖሯል፤ መልእክቱ ግን የሚሄደው ወደ አሮጌው ቁጥር ነው። ያንኑ ቀን አስተካከልነው፤ ነፍሰ ጡሯም ሌላ ቀጠሮ ተሰጣት።

አለቃችን ይህን ልማድ ከየት አመጣሽው አለችኝ። ከአባቴ ወርክሾፕ ግድግዳ አልኳት። እርስዎ የየመሣሪያውን ቅርጽ በቀለም ሥለውበት የለ? መሮው ከጠፋ ባዶ ቅርጹ ያሳብቃል፤ ቦታ የሌለው ዕቃም እዚያ መሰቀል አይችልም። ሳቀችና "ከሰኞ ጀምሮ ሁላችንም አዋጅ ነጋሪ ነን፤ አንቺም ቋሚ ሠራተኛ ነሽ" አለችኝ። ደስ ብሎኛል አባባ።

እማማን አገላብጠው ይሳሙልኝ። ወንድሜን ጢምህ ወጣ ወይስ አሁንም ቀጠሮ ላይ ነው ብላለች ይበሉልኝ። ጎረቤታችንንም ሰላም ይበሉልኝ፤ ከመጋዙ ጋር ይታረቁ። እህቴ ግድግዳውን እንደ አዲስ ልትቀቡት መሆኑን ነግራኛለች፤ ለእሷም ናፍቆቴ ይድረሳት። ብቻ አደራዎን፣ በልጅነቴ የሰጡኝን የትንሿን መዶሻ ቅርጽ እንዳያጠፉብኝ። መዶሻዋ እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ናት፤ በዓመት ፈቃዴ ራሴ ይዣት መጥቼ እሰቅላታለሁ። እስከዚያ ባዶም ቢሆን ቦታችን ይታወቅ።

የምትወድዎ ልጅዎ

ከተከራየኋት ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር
ኅዳር 9 ቀን